ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ መሪ ስለ ራሱ እውነቱን እንዴት ይስማ?

(ከዚህ በታች የቀረበው የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በዲምቱ ከተማ በተካሄደው የውይይት መድረክ ላይ አንድ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ ያደረጉት ንግግር ነው።)

ክቡራን የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊቃነ መናብርትና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣
የሥራ ባልደረቦቼ፣



በዚህ መድረክ ላይ እንድናገር ስጠየቅ ስለ በቆሎ አዘራር ወይም ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም መስሎኝ ነበር። የተሰጠኝ ርእስ ግን «መልካም አመራር» የሚል ሆኖ አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር ርእሱ ከዕድሜዬም ከማዕረጌም በላይ ነው። እኔ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ በአንድ ቀበሌ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። የመራሁት ሰው ቢቆጠር ሁለት ነው። ከፊቴ የተቀመጣችሁት አባቶችና እናቶች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላትን የምትመሩ ናችሁ። ስለዚህ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ሁለት ሰው ስመራ የሠራሁትን ስሕተት፣ ከስሕተቱም በኋላ የተማርኩትን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ አንድ ሰው የሚያወራውን ከሁሉም በኋላ የሚሰማው ያው ሰውዬ ራሱ ነው። ይህ ለማንም ሰው እውነት ቢሆንም ለመሪ ግን በእጥፍ እውነት ነው። መሪ ፊት ሰው ቃሉን መርጦ ይናገራልና።

የተምቹ ዓመት

በመጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ። እንደምታውቁት በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች ተመድበን እንሠራለን። እኔ የሰብል ባለሙያ ስሆን በተጨማሪ የሦስታችን አስተባባሪ እንድሆን ተደረገ። ሹመት ከተባለ ሹመቴ ይኸው ነው። ደመወዝ አልጨመረልኝም፤ የጨመረልኝ ሪፖርት መፈረም ብቻ ነው። ሆኖም ሰው ትንሽም ብትሆን ሥልጣን ሲያገኝ ድምፁ ይለወጣል። የእኔም ድምፅ ተለውጦ ኖሯል። ይህን ያወቁት ግን ባልደረቦቼ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

በ2015 ዓ.ም. በበልጉ ወራት ወደ ቢላቴ በሚወርደው ቆላችን በቆሎው በጥሩ ሁኔታ በቅሎ ነበር። መጤው ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን በቆሎ ዘርቶ እፎይ ብሎ መተኛት ቀርቷል። የተምቹን ጠባይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእሳት ራት የምትመስለው እናቲቱ በሌሊት መጥታ እንቁላሏን በቅጠሉ ላይ በክምር ትጥላለች። በሙቀት አገር እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ይበላል። ገና ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት በእጅ ተለቅሞም ሆነ መድኃኒት ተረጭቶበት ይሞታል። አድጎ በለጋው ቅጠል መሐል ገብቶ ከተሸጎጠ ግን መድኃኒቱም በቀላሉ አያገኘውም። በመሆኑም ተምችን መከላከል ማለት በአብዛኛው አሰሳ ማለት ነው። በማለዳ ማሳው ውስጥ ገብቶ ቅጠል እየገለጡ ማየት ነው።

እኛም ቀበሌውን ለሦስት ከፍለን እያንዳንዳችን በሳምንት ሁለት ጊዜ አሰሳ እንድናካሂድ፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ለእኔ ሪፖርት እንዲቀርብ ተስማማን። ወደ ወንዙ ያለው የታችኛው ሰፈር ለእንስሳት ባለሙያዋ ደረሰ። በሁለተኛው ዓርብ ይህች ባልደረባዬ መጥታ «በዚህ ሳምንት የከብት ክትባት ስለነበረ ታችኛው ሰፈር አልደረስኩም፤ ብቻዬን አልቻልኩትም» አለችኝ። እኔም የቀበሌው ሊቀ መንበርና ጥቂት አርሶ አደሮች በተቀመጡበት «እኔ ሪፖርት እንጂ ምክንያት አልፈልግም» ብዬ መለስኩላት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። እኔ ግን ቆራጥ መሪ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሪፖርቱ ሳይዛነፍ ይመጣ ጀመር። «አሰሳ ተካሂዷል፤ የታየ ችግር የለም» ይላል። እኔም ፈርሜ ወደ ወረዳ አስተላልፋለሁ። እንዲያውም በአንድ ስብሰባ ላይ ሪፖርቱን በወቅቱ የሚያደርስ ቀበሌ ተብለን ተመሰገንን።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደቆየ በገበያ ቀን ዲምቱ ላይ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝና «ልጄ፣ ደህና ነህ? ታሞ ይሆናል እያልን ነበር» አሉኝ። «ደህና ነኝ አባቴ፣ ምነው?» አልኳቸው። «እኛ ሰፈር ሰው ከመጣ ቆየ፤ መድኃኒት ይመጣል ተብለን ተራችንን እየጠበቅን ነው፤ ትሉ ግን ተራ አይጠብቅም» አሉኝ።

በዚያው ዕለት ወደ ታችኛው ሰፈር ወረድኩ። ከመንገድ ዳር ያለው በቆሎ ደህና ነበር። ወደ መሐል ስገባ ግን ቅጠሉ ተበጣጥሶ፣ መሐሉ በትሉ ፋንድያ ተሞልቶ አገኘሁት። ሕዝቡን ቀስቅሰን ልጅ ዐዋቂ ሳይል በእጅ መልቀም ጀመርን። ብዙው ተረፈ። የአሥራ አንድ ቤተሰብ ማሳ ግን ለፍሬ አልበቃም። ከእነዚህ መካከል አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት አልተቆጡኝም፣ አላለቀሱም። «ልጄ፣ ይኸን ነቅዬ ምን ልዝራበት?» ብቻ ነው ያሉኝ። በቀረው እርጥበት ቦሎቄ እንዲዘሩ ነገርኳቸው፤ ዘሩም። ነገር ግን ቦሎቄው እስኪደርስ ድረስ ያን ክረምት በምን እንዳለፉት እኔ አውቃለሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ባልደረባዬ ሄድኩ። የሄድኩት ልቆጣት ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። እሷም ሳትቆጣ «ነግሬህ ነበር። ምክንያት አልፈልግም አልከኝ። ከዚያ በኋላ የምትፈልገውን ሰጠሁህ» አለችኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያልታየውን ታይቷል ብላ መጻፏ ጥፋት ነው። እሷም አልካደችም። ነገር ግን ያን የሐሰት ሪፖርት ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በሰው ፊት፣ ክፉ ወሬ ወደ እኔ የሚመጣበትን በር ዘጋሁት። የዚያን ዋጋ የከፈልኩት ደግሞ እኔ ሳልሆን አሥራ አንድ ቤተሰብ ነው።

ሰው ለምን ዝም ይላል?

ከዚያ በኋላ ሰው መሪውን እያየ ለምን ዝም እንደሚል ብዙ አሰብኩበት። እኔ የደረስኩባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። ነጥብ የሚሰጠው፣ ለሥልጠና የሚያጨው፣ ዝውውር ሲጠየቅ የሚፈርመው መሪው ነው። ሠራተኛ ወይም አባል እንጀራውን አስቦ ዝም ቢል ሊፈረድበት አይገባም።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። በእኛ ባህል ታላቅን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት ነውር ነው። ይህ ባህል ክፉ አይደለም፤ አብሮ ያኖረን ነው። ችግሩ ፊት ለፊት ያልተባለው ነገር አለመጥፋቱ ነው። ከስብሰባ በኋላ በመንገድ ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በቡና ላይ ይወራል። ባለቤቱ ብቻ አይሰማውም።

ሦስተኛው ተስፋ መቁረጥ ነው። ይህ ከሁሉም ይከፋል። ሰው አንድ ጊዜ ተናገረ፣ ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛ ተናገረ፣ አሁንም ያው ነው። ሦስተኛ አይናገርም። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለውን የሐሳብ መስጫ ሣጥን አስታውሱ። ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ያለው ሐሳብ በሚሰጥበት ሰው እጅ ነው። ከፍቶ ቢያነብስ ማን መልሶ ይነግረናል? ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው አቧራ ነው።

ስንገማገም የኖርነው

«እኛ እኮ ግምገማ አለን» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ አገራችን መተቸትን የማታውቅ አይደለችም። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል ነበር። ግምገማ ደግሞ በትጥቅ ትግሉ ጊዜ የተለመደ ሲሆን ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ተስፋፍቷል። ግምገማ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ማንም ሰው፣ ሹምም ቢሆን፣ ስለ ሥራው ሊጠየቅ ይገባል የሚል ነው። ይህ መጣል የለበትም።

ነገር ግን በብዙ ሰው ፊት፣ ሹመትና ደመወዝ በተንጠለጠለበት ሁኔታ ሲካሄድ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። አንዱ ማጥቃት ነው፣ ሌላው መከላከል ነው። የተጣላ ቂሙን ይወጣል፤ የተስማማ «ከአቅም ማነስ በስተቀር ችግር የለበትም» ብሎ ያልፋል። እኔም ተገምግሜያለሁ። በዚያ የተምች ዓመት እንኳ ግምገማውን በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። «ሰዓት አክባሪ፣ ሪፖርት በወቅቱ የሚያቀርብ» ተብያለሁ። ስለ ታችኛው ሰፈር የተናገረ አልነበረም። ግምገማ ያለፈውን ሥራ ለመመዘን ይረዳ ይሆናል። መሪው በነገው ዕለት ምን ማረም እንዳለበት የሚነግረው ግን በእርጋታ የተጠየቀና ያለ ስጋት የተመለሰ ግብረ መልስ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ዝምታ ምን እንደሚያደርስ ለማየት የኅብረት ሥራን የራሱን ታሪክ ማየት ይበቃል። እኔ አልደረስኩበትም፤ ከአባቶች እንደሰማሁትና በትምህርት እንዳገኘሁት ነው የምናገረው። በደርግ ዘመን መልባና ወልባ በሚባሉ ደረጃዎች የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ነበር። በስብሰባው ላይ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ገበሬው ከማኅበሩ መውጣት እንደሚችል ሲነገረው ግን አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ሐሳቡን አልለወጠም። ሐሳቡ ድሮውንም በሆዱ ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ዛሬ ያለን ኅብረት ሥራ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዳለው ያረጋግጣሉ። ይሁንና አዋጅ ድምፅ ይሰጣል እንጂ ድፍረት አይሰጥም። ድፍረት የሚሰጠው የመሪው አያያዝ ነው።

በራስ ላይ አሰሳ ማካሄድ

እንግዲህ እኔ የማውቀው ሙያ አሰሳ ስለሆነ ይህንኑ በራሴ ላይ ማካሄድ ጀመርኩ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የሚከተሉትን ተምሬያለሁ።

አንደኛ፣ በመንገድ ዳር ማሳ ብቻ አትፍረዱ። መጀመሪያ ስጠይቅ የጠየቅሁት የቀበሌውን ሊቀ መንበርና ሞዴል አርሶ አደሮችን ነበር። ሁሉም «ጎበዝ ነህ» አሉኝ። እነሱ ምርጥ ዘር ሲመጣ ቀድመው የሚሰሙ፣ ቤታቸው ለመንገድ የቀረበ ናቸው። ተምቹ ያለው መሐል ማሳ ውስጥ እንደሆነ ሁሉ የመሪ ድክመትም የሚታወቀው ከእሱ ርቀው ባሉት ዘንድ ነው። ዘበኛውን፣ መጋዘን ጠባቂውን፣ በስብሰባ ላይ ከኋላ የሚቀመጡትን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን አጥብቡ። «እንዴት ነኝ?» ብሎ ለጠየቀ መልሱ «ደህና ነህ» ነው። እኔ አሁን የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፦ «ባለፈው ሳምንት እኔ ካደረግሁት ወይም ከተናገርኩት ውስጥ ሥራህን ያከበደብህ አንድ ነገር ምንድን ነው?» አንድ ነገር ብቻ ሲባል ሰው ለመናገር ይቀለዋል። ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለ ተደረገ ነገር ስለሆነ ስድብ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ለብቻ ጠይቁ፤ ቢቻል በእግር መንገድ ላይ። በጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገር ክስ ይመስላል። ጎን ለጎን እየሄዱ ሲያወሩ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ዝም ማለትም ይቻላል። የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው ባልደረባዬ እውነቱን የነገረኝ ወደ እርከን ሥራ ስንወጣ ነው። «አርሶ አደር ፊት ታርመናለህ። አንተ ከሄድክ በኋላ የምንናገረውን የሚቀበለን የለም» አለኝ።

አራተኛ፣ መልስ አትስጡ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ባልደረባዬ ይህን ሲለኝ አፌ ለመከራከር ተከፍቶ ነበር። «ስትሳሳቱ ምን ላድርግ?» ልለው ነበር። ያቺ «ምክንያት አልፈልግም» ያልኳት ቀን ትዝ አለችኝና ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬም ዝም አልኩ። የምንከራከር ከሆነ ሁለተኛ የሚነግረን የለም። ማብራሪያ ካለን ከቀናት በኋላ፣ ስሜታችን ከበረደ በኋላ ይደርሳል።

አምስተኛ፣ ከነጥብ ጋር አታገናኙት። የሥራ አፈጻጸም ምዘና በሚሞላበት ሰሞን ስለ ራሳችሁ አትጠይቁ። ሰው የሚመልሰው ነጥቡን እያሰበ ነውና። የነገራችሁንም ሰው ስም በሌላ ስብሰባ ላይ አታንሡ። አንድ ጊዜ ከተነሣ ነገሩ አበቃ።

ስድስተኛ፣ መልሳችሁ ንገሩ። የሰማችሁትን፣ የምታርሙትንና የማታርሙትን በሁለት ሳምንት ውስጥ ተናገሩ። እኔ ለባልደረቦቼ «ከዛሬ ጀምሮ እርማት ካለኝ ለብቻችሁ እነግራችኋለሁ፤ ከረሳሁ እጅጌዬን ጎትቱኝ» አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ጎትተውኛል።

የቦሎቄና የበቆሎ ድምፅ

ለብቻ ጠይቆ የማይደረስበት ሰውም አለ። ለምሳሌ የቀበሌያችን ሴት አርሶ አደሮች ወደ ማሰልጠኛ ማዕከሉ ስብሰባ አይመጡም ነበር። እኔ ፍላጎት የላቸውም እል ነበር። በጉባኤ ላይ «የስብሰባው ሰዓት ይመቻችኋል?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ይመቸናል» አሉ። ባሎቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ አንድ ዘዴ ሞከርን። ከማዕከሉ በር ጀርባ አፉ ጠባብ የሆነ እንስራ አስቀመጥን። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ፍሬ ቦሎቄና አንድ ፍሬ በቆሎ ተሰጣት። ሰዓቱ የሚመቻት ቦሎቄውን፣ የማይመቻት በቆሎውን እንስራው ውስጥ ትጨምራለች፤ የቀረውን በመቀነቷ ትይዛለች። ማንበብና መጻፍ አያስፈልግም፣ ማን ምን እንደጨመረ አይታወቅም። እንስራውን ስንገለብጠው ከሞላ ጎደል በቆሎ ብቻ ወጣ! በኋላ ስንጠይቅ ስብሰባውን የምጠራበት ጠዋት ውኃ የሚቀዳበትና ለገበያ የሚዘጋጁበት ሰዓት ነበር። ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወርነው። ዛሬ ከኋላ የሚቀመጡት ወንዶቹ ናቸው።

ይህ ዘዴ የሚያስቅ እንዳይመስላችሁ። በምዕራብ አፍሪካ የምትገኘው ጋምቢያ መሪዎቿን ስትመርጥ የኖረችው በብይ ነው። መራጩ አንድ ብይ ይሰጠውና በመጋረጃ ውስጥ ገብቶ በፈለገው እጩ በርሜል ውስጥ ይጨምራል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ደወል አንድ ጊዜ ሲደውል ድምፅ መስጠቱ ይታወቃል፤ ለማን እንደሰጠ ግን አይታወቅም። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር የተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫቸውም በዚሁ መንገድ ነበር። አገር የሚመረጥበት ዘዴ ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር አያንስም። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ «ሊቀ መንበራችን ሒሳቡን በሚገባችሁ መንገድ ያስረዳችኋል?» ብላችሁ በቦሎቄና በበቆሎ ብትጠይቁ ወጪው አንድ ጣሳ እህል ነው።

ያልተሳካልኝ

ሁሉ ነገር ተሳካ ብዬ ብናገር ያው የድሮው ሪፖርት ይሆናል። ባልደረቦቼ ሪፖርት በዛ ብለዋል። እውነት ነው፤ ሆኖም የሚጠይቀው ከእኔ በላይ ያለው አካል ስለሆነ ላስቀረው አልቻልኩም። የቻልኩት ሁለት ቅጾችን በአንድ ጉዞ እንዲሞሉ ማድረግ ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

የሚሰጠው አስተያየት ሁሉ ትክክል እንዳልሆነም አይቻለሁ። ወደ አንድ ሰፈር የምመላለሰው ዘመድ ስላለኝ ነው የሚል ደርሶኛል። ዘመድ የለኝም፤ ያንን መንገድ የምወደው በዝናብ ጊዜ ስለማያጨቀይ ነው። ግን ቆይቼ ሳስበው ሌላው ሰፈር እንደተረሳ መሰማቱ ውሸት አልነበረም። ምክንያቱን ስተው ነገሩን ግን አግኝተውታል።

አንድ ጊዜ ደግሞ የተነገረኝ ነገር ስለመረረኝ ሁለት ቀን ያህል ከባልደረባዬ ጋር በቅጡ ሳልነጋገር ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን «ጠይቀኸኝ ነው እኮ የነገርኩህ» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከመጠየቅ ይልቅ ከተጠየቀ በኋላ ፊትን አለማጥቆር ይከብዳል።

ፍሬው ግን ታይቷል። በ2016 ዓ.ም. በልግ በአንድ ዓርብ ያችው ባልደረባዬ መጥታ «በሁለት ማሳ ላይ እንቁላል አይቻለሁ፤ ከወንዙ ዳር ያለውን ግን አልደረስኩበትም» አለችኝ። ጎዶሎ ሪፖርት ነው። «እግዜር ይስጥሽ፤ ነገ በማለዳ አብረን እንውረድ» አልኳት። ወረድን፤ ገና በእንቁላልነቱ አገኘነው። የቀበሌው ሰው በጣቱ እየጨፈለቀ ጨረሰው። በሥራ ዘመኔ ከደረሱኝ ሪፖርቶች ሁሉ የምወደው ያንን ጎዶሎውን ነው።

ለማኅበሮቻችን

«ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን። ለሐሜተኛ ጥሩ ምክር ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። እንበልና ሊቀ መንበሩ ዋጋ እስኪወጣ ቦሎቄው አይሸጥም ብሎ ወስኗል። መጋዘን ጠባቂው ከታች ባለው ጆንያ ውስጥ ነቀዝ አይቷል። ባለፈው ዓመት ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ሲናገር «አንተ ቁልፍህን ያዝ» ተብሏል። ስለዚህ ዘንድሮ ቁልፉን ይዞ ዝም ይላል። ዋጋው በወጣ ጊዜ ጆንያው ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ያን ዱቄት የሠራው ነቀዙ ብቻ አይደለም።

በመሆኑም ለተከበራችሁ የማኅበራት መሪዎች ሦስት ነገሮችን በትሕትና አሳስባለሁ። በየሦስት ወሩ ከሒሳብ ሹሙ፣ ከመጋዘን ጠባቂውና በሩቅ ካሉ ሁለት አባላት ጋር ለየብቻ ተነጋገሩ። የቁጥጥር ኮሚቴው የምስጋና ቃል ሳይሆን ያየውን ጉድለት ይዞ ሲመጣ ከመልሱ በፊት አመስግኑት። በጠቅላላ ጉባኤ ላይም ሪፖርት ስታቀርቡ «ከአባላት ሰምተን ያረምነው» የሚል አንድ ርእስ ይኑራችሁ። አባላት ይህን ርእስ ሲሰሙ ንግግራቸው መሬት ላይ እንዳልወደቀ ያውቃሉ።

ንግግሬን የምደመድመው በጊፋታችን ነው። ጊፋታ ከመድረሱ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ዕዳ ያለበት ይከፍላል። ቂምና ዕዳ ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር አይወደድም። እኔ እንደማስበው መሪ የሚፈልገውን እንጂ የሚያስፈልገውን ሳይነግሩት መቅረትም ዕዳ ነው፤ የሚነግረውን ሰው ማስፈራራት ደግሞ የባሰ ዕዳ ነው። ዩኒየናችን ወደሚቀጥለው ዓመቱ ሲሻገር ይህን ዕዳ ከፍለን እንሻገር።

እኔም ከራሴ ልጀምር። ከዚህ መድረክ ስወርድ ወደ ቀበሌዬ የምመለሰው ከሁለቱ ባልደረቦቼ ጋር በእግር ነው። ስለዚህ ንግግር አንድ ያልጣማቸውን ነገር እጠይቃቸዋለሁ። እስክንደርስ ድረስ መልስ አልሰጥም።